የቀይ ቀበሮውን ቴምብር ሳይቀደድ ከፖስታ ማላቀቅ

የመንዝ ጓሳችን ቀይ ቀበሮ ወይም የሰሜን ተራሮች ዋልያ ያለበትን ቴምብር ከፖስታ ላይ በጥፍር አትፈልቅቁት፤ ጀርባው ይሳሳል፣ የዳር ጥርሱም ይረግፋል። ዙሪያውን አንድ ጣት ያህል ትታችሁ ፖስታውን ቁረጡና ለብ ባለ ውሃ ላይ፣ ምስሉን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት። ሙጫው ሲሟሟ ቴምብሩ ራሱ ይንሸራተታል፤ እምቢ ካለ ጊዜ ጨምሩለት እንጂ አትጎትቱት። ፍል ውሃ ቀለም ያስለቅቃል። በወረንጦ አውጥታችሁ ጀርባውን አለቅልቁ፣ ምስሉን ወደ ታች ገልብጣችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አስጡት። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይጋባል። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርድ ቶሎ ስለማይደርቅ ይደር፤ ምድጃ ዳር ካደረጋችሁት ይጠቀለላል። ከዚያ ወፍራም መጽሐፍ ይጫነው።

የከተማው ስምና ቀኑ ጥርት ብሎ የሚነበብበት ማኅተም ካለው ግን በጭራሽ አትንከሩት፤ ዋጋው ከነፖስታው ነው።