ከውጭ ካለ ሰው ጋር ስንቀጣጠር በሰዓት የምንሳሳተው

ባለፈው መጋቢት የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቱ ውስጥ ሙቀቱን ፈርቶ መጋረጃውን ዘጋ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፣ ስልኩን ውሃ መጠጫ ጆግ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ቶሮንቶ ካለ መሥሪያ ቤት ጋር በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረው። የተጻፈለት በቶሮንቶ ጠዋት 9 ሰዓት ነው። ጥር ላይ ሲያወራቸው ልዩነቱ 8 ሰዓት ስለነበር፣ በእኛ 11 ሰዓት ነው ብሎ ያዘ። ሲገባ ማንም የለም። ጠያቂዎቹ 10 ሰዓት ላይ ገብተው፣ ጠብቀው ወጥተዋል። ፊቱ አሁንም ትዝ ይለኛል።

መደመርና መቀነሱን አልሳተም። የተሳሳተው፣ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው ማለቱ ላይ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሠራውም ይህንኑ ስህተት ነው። የእኛ ሰዓት አይነቃነቅም። ድሬ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ ረጅሙ ቀናችን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው፤ ሰዓት ብንቀይር የምናተርፈው ብርሃን የለም። ለንደን ግን ሰኔ ላይ ቀኑ ከ16 ሰዓት ይበልጣል፣ ታኅሣሥ ላይ ከ8 ሰዓት ያንሳል። እንዲህ ያሉ አገሮች ቀኑ ሲረዝም ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉና፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ብርሃን ያገኛል። ቀኑ ሲያጥር መልሰው ወደኋላ ይስቡታል።

ስለዚህ ቶሮንቶና ዋሽንግተን ከእኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ የሚሆኑት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ 7 ይሆናል። ሚኒያፖሊስ 9 እና 8፣ ለንደን 3 እና 2። ለቶሮንቶ እኔ የምጠቀምባት አንድ ቀላል ዘዴ አለች፤ በእኛ አቆጣጠር ከምታዩት ቁጥር ላይ ሰዓታቸውን ገፍተው ከሆነ 1፣ ካልገፉ 2 ቀንሱ። የእኛ 10 የእነሱ 9 ነው፤ ያ ልጅ የሚያስፈልገው ይህችው ነበረች።

እዚህ ላይ የቃል ወጥመድም አለ። «በበጋ ሰዓት ይቀይራሉ» ሲባል የእኛ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥን ያስባል። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው እኮ! ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ብላችሁ ብታስረዱ ይሻላል።

ሌላው ስህተት፣ ውጭ አገር ያለ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀይራል ብሎ ማሰብ ነው። አሜሪካና ካናዳ የሚገፉት በፈረንጆቹ ማርች ሁለተኛ እሑድ ነው፣ አውሮፓ ደግሞ በመጨረሻው እሑድ። መሀል ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አለ። አንዷ እህት ለንደን፣ ሌላዋ ቶሮንቶ፣ እናታቸው ሐረር ጀጎል ውስጥ ሆነው በየእሑዱ የሚደዋወሉ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ በእነዚያ ሳምንታት ሁሌ አንዷ ትቀራለች። ሜልቦርን ያሉት ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ የሚገፉት በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ ነው። ያኔ ከእኛ በ8 ሰዓት ይቀድማሉ፣ ኤፕሪል ላይ ሲመልሱት በ7። ጅዳ አይቀይርም፣ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ዱባይም አይቀይርም፣ ዓመቱን ሙሉ በ1 ይቀድመናል። ግብፅ ትታው ከቆየች በኋላ በ2023 እንደገና ጀምራለች። ሱዳን ድሮ እንደ እኛ ነበረች፣ ከ2017 ወዲህ ግን በ1 ወደኋላ ናት።

ጅቡቲን የተለየ ሰዓት ያላት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የለም! ሰዓታችን አንድ ነው። የሚለየው አጠራሩ ነው። ጅቡቲ ያለው ነጋዴ «ነገ 8 ሰዓት ዕቃው ይጫናል» ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ድሬ ከዚራ ሰፈር የተቀመጠው ተቀባይ ግን ከምሳ በኋላ ይመስለውና ተረጋግቶ ይተኛል። አቦ፣ አንድ ጊዜ «በእኛ ነው በእናንተ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍላል?

የአውሮፕላን ትኬት ላይ የሚፈጠረው ስህተት ግን ገንዘብ ያስከፍላል። ትኬቱ «ማክሰኞ 02:30» ይላል። በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ፣ ሰውየው ማክሰኞ ውሎ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ አውሮፕላኑ ግን ከሄደ ሃያ ሰዓት ገደማ ሆኖታል። የፈረንጆቹ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በቋንቋችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለ፤ «ለማክሰኞ አጥቢያ»። ትኬቱን ስታነቡ እንዲህ ብላችሁ አንብቡት፣ በረራው ከአዲስ አበባ ከሆነ ሰኞ በቀን ከድሬ ተነሱ።

ስልክ ላይ በእጅ 6 ሰዓት ቀንሶ የኢትዮጵያ ሰዓት ማድረግም አለ። አታድርጉት። ዋትስአፕ የስልክህ ቀን ትክክል አይደለም ሊል ይችላል፣ ቀጠሮ ማስታወሻውም ይዛባል። አውቶማቲክ ላይ ተዉትና የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጎን ለጎን ጫኑ።

ረመዳን ላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ ነው። አገሩ በሙሉ አንድ ሰዓት ስለሚጠቀም ፀሐይም አንድ ላይ የምትወጣ ይመስለናል፤ ለአዲስ አበባ የተሠራ የጾም ሰሌዳ በቴሌግራም ይመጣና ሐረር ላይ እንጠቀምበታለን። ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ በ13 ደቂቃ ገደማ ትቀድማለች። ማታ ላይ ያን ያህል ጉዳት የለውም፣ ትንሽ ዘግይቶ ማፍጠር ነው። ስሑር (ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ) ላይ ግን የአዲስ አበባውን የተከተለ ሰው ሐረር ላይ ፈጅር (የንጋት ሶላት ሰዓት) ገብቶ እሱ ገና እየበላ ነው። የራሳችሁን ከተማ ሰሌዳ ያዙ፣ ወይም የሰፈራችሁን አዛን ስሙ።

የአክስቴ ልጅ ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ቀን ተሰጠው። አሁን ለማንም ቀጠሮ ሲጽፍ እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ «ሐሙስ፣ በቶሮንቶ ጠዋት 9፣ በድሬዳዋ ከቀኑ 10፣ ልክ ነው?» መልስ እስኪመጣለት ድረስም ስልኩን አያስቀምጥም።