በሞቃት የበጋ ቅዳሜና እሁድ በገጠር፦ ከቤተሰብ ማዕድ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በሞቃት ቅዳሜና እሁድ ገጠር ወጥቶ ከቤተሰብ ጋር በዛፍ ጥላ ሥር የሚበላ ምግብ ሲበላሽ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የባለሙያዋ ወይም የባለሙያው እጅ ሳይሆን የሰዓት አያያዝ ነው። ምግቡ መቼ እንደበሰለና ከበሰለ በኋላ የት እንደቆየ የሚያስብ ሰው ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ያስወግዳል።

የመጀመሪያው ስህተት እሳቱን በቀትር ማንደድ ነው። የሚቀቀለው ሁሉ፣ እንቁላሉም ድንቹም ባቄላውም፣ ፀሐይ ሳይከር በማለዳ ተቀቅሎና ቀዝቅዞ ፍሪጅ ከገባ ለምሳ የሚቀረው መክተፍና መደባለቅ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የምግቡን ዓይነት ማብዛት ይጨመራል። አንድ ዋና ምግብ፣ አንድ ሰላጣ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ለቤተሰብ ይበቃሉ፤ ሌላው እየተጫወተ አንድ ሰው ከምድጃ ሥር ሳይነሣ የሚውልበት ዕረፍት ደግሞ ለዚያ ሰው ዕረፍት አይደለም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የበሰለውን ምግብ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ማቆየት ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይራባሉ፤ ሁኔታው ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ገደቡ 1 ሰዓት ነው። ሩዝን ለምሳሌ ብንወስድ፣ በትልቅ ድስት ውስጥ ክዳኑ እንደተገጠመ ሲቀመጥ ዳርና ዳሩ ቢበርድም መሐሉ ለረጅም ጊዜ ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያም በዚያ ሙቀት እየተራባ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ ሙቀትን ስለሚቋቋም ማታ ላይ ሩዙን ደግሞ ማሞቅ አያድንም፤ ሽታው አለመለወጡም ዋስትና አይሆንም። መፍትሔው ሩዙን ከ5 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት በሰፊ ትሪ ላይ አስጥቶ በቶሎ ማቀዝቀዝና ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ነው።

መጠጥና ምግብን በአንድ የበረዶ ሣጥን ማስቀመጥም ብዙዎች ልብ የማይሉት ስህተት ነው። ልጆች ውኃ ፍለጋ ሣጥኑን በከፈቱ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል፤ ሥጋው ግን ከ4 ዲግሪ ባልበለጠ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ሣጥኖቹ ሁለት ይሁኑ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ፤ ጥሬ ሥጋም ፈሳሹ ሌላውን እንዳይነካ በደንብ ታሽጎ ከታች ይግባ። ጥሬ ዶሮ በቀረበበት ሳሕን የተጠበሰውን መልሶ ማንሣት ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል። ዶሮ መብሰሉ የሚረጋገጠው በቆዳው መቅላት ሳይሆን የውስጡ ሙቀት 74 ዲግሪ በመድረሱ ነው።

ሰላጣን አስቀድሞ ጨው መነስነስ አይገባም፤ ጨው የቲማቲሙንና የኪያሩን ውኃ ስለሚያወጣው ማዕዱ ሲቀርብ ሳሕኑ ውስጥ የሚገኘው የሟሸሸ አትክልት ነው።

ንጽሕናው ባልተረጋገጠ የጉድጓድ ውኃ አትክልት ማጠብ ደግሞ የበለጠ ያሰጋል። እንዲህ ያለው ውኃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ መፍላት አለበት። አረጋውያን ጥማት ቶሎ ስለማይሰማቸው እስኪጠይቁ መጠበቅ ስህተት ነው፤ ውኃው በየጊዜው ሊቀርብላቸው ይገባል።

በመጨረሻም፣ ነፋስ ሲነሣ ወይም ሲመሽ የከሰል ማንደጃውን ወደ ቤት ወይም ወደ ድንኳን ማስገባት ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ቢቀርም ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣቱን አያቆምም። ፍሙ ውጭ እንዳለ ውኃ እየፈሰሰበትና እየተማሰለ ፈጽሞ እስኪበርድ ድረስ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቆይ።