ጥላ ለበዛበት ትንሽ ግቢ መሬት የሚሸፍን ተክል እንዴት እንደሚመረጥ

ከዛፍ ሥር ወይም በሁለት ግድግዳ መሃል ያለ ጠባብ ቦታ ብዙ ጊዜ ሣር አይቀበልም። ይተከላል፣ ይሳሳል፣ ይጠፋል። ዓመት ቆይቶ እንደገና ይተከላል። ጥፋቱ የተካዩ አይደለም። ሰርዶን የመሰለ ሣር ፀሐይ ካላገኘ ውሃና ማዳበሪያ ቢደፋበትም አይጠናም። ከጥላው ጋር ከመታገል ጥላ የለመደ ተክል መፈለግ ይሻላል። በሐሩር ክልል ደግሞ ሞልቷል። ቤት ውስጥ ለጌጥ የምናሳድጋቸው ብዙ ተክሎች በትውልድ ቦታቸው ከጫካ ዛፎች ሥር የሚበቅሉ ናቸው።

መጀመሪያ ጥላውን እዩት

ምንም ሳትገዙ አንድ ቀን ስጡት። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ውጡና ፀሐይ የት እንደሚያርፍ ወረቀት ላይ ንደፉ። በዛፍ ቅጠሎች መሃል የሚሾልክ ብርሃን ለአብዛኛው የጥላ ተክል ይበቃል። ቀኑን ሙሉ በግድግዳ የተጋረደ ቦታን የሚችሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

በሐሩር ክልል ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትቆይም። ከፊሉን ወራት ወደ ሰሜን፣ ከፊሉን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ዛሬ ጥላ የሆነው የግድግዳ ሥር ከስድስት ወር በኋላ ቀትር ሊመታው ይችላል። እዚያ ስስ ቅጠል ያለው ተክል ብታኖሩ ይቃጠላል። በጥላውና በፀሐዩ ድንበር ላይ ሁለቱንም የሚችል ተክል አድርጉ።

ከዚያ አፈሩን ፈትሹ

30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ እንደገና ሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከወረደ አፈሩ ውሃ ያቁራል ማለት ነው፤ እርጥበት ወዳድ ተክል ምረጡ ወይም ቦታውን ትንሽ ከፍ አድርጉ።

ከትልቅ ዛፍ ሥር ችግሩ ተቃራኒው ነው። ቅጠሉ ዝናቡን ያስቀራል፣ ሥሩ ደግሞ የወረደውን ቀድሞ ይጠጣል። ዝናብ በበዛበት አገር እንኳ ከዛፍ ሥር ያለው አፈር ደረቅ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ፣ እዚህ ላይ ለተክል ሲባል ዛፉን አትጉዱት። ወፍራም ሥር አትቁረጡ። ከላይም ወፍራም አፈር አትከምሩ፤ ሥሩ አየር ያጣል።

አሁን ምረጡ

ለደረቅ ጥላ የምመክረው ስፓይደር ፕላንትን ነው፤ ረጅምና ቀጭን ቅጠል ያለው የጌጥ ተክል ነው። ወፍራም ሥሩ ውሃ ስለሚያጠራቅም ጥቂት ቀን ቢረሳም ይቆያል። ሞንዶ ሣር ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ሣር አይደለም። ቀጭን፣ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ ማጨድ አይፈልግም። ችግሩ ቀስ ብሎ መስፋቱ ነው፤ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አይሆንም። ለእርጥብ ጥላ ፈርን (አበባ የማያወጣ፣ ቅጠሉ ላባ የሚመስል ተክል) እና መሬት ለመሬት የምትሳብ ፒሊያ ጥሩ ናቸው። ቶሎ እንዲሸፍንላችሁ ከፈለጋችሁ ባለ ብርማ መስመሩ ትራዴስካንሺያ አለ። ግማሽ ጥላ ከሆነ ደግሞ ቢጫ አበባ ያለው ፒንቶ ኦቾሎኒ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያዳብራል። ጥላው ሲበዛ ግን አበባው ይቀንሳል።

ሰው የሚረግጠው ቦታ ከሆነ ከእነዚህ አብዛኞቹ አይችሉትም። መርገጫ ድንጋይ አኑሩና በመሃሉ ትከሉ። የግድ ሣር ካላችሁ ሰፋ ያለ ቅጠል ያለው ካርፔት ሣር ከሰርዶ ይልቅ ጥላ ይችላል።

ቶሎ የሚሰፋ ተክል ቶሎ የሚያስቸግር መሆኑንም አትርሱ። ቢጫ አበባ ያላት ዊዴሊያ በዓለም 100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ከጎረቤት በነፃ ብትሰጣችሁም አልመክራትም። ሕፃን ወይም ውሻ ካለም አስቡበት። የትራዴስካንሺያ ፈሳሽ የውሻ ቆዳ ያሳክካል፤ የሲንጎኒየም (ቀስት መሰል ቅጠል ያለው ሐረግ) ቅጠል ሲታኘክ አፍ ያቃጥላል።

ለትንሽ ግቢ ከሁለት ዓይነት በላይ አትውሰዱ። አምስት ዓይነት ሲደባለቅ ቦታው ይበልጥ ይጠባል።

አተካከል

በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለአንድ ካሬ ሜትር 16 ችግኝ ያስፈልጋል። ለ4 ካሬ ሜትር 64 መሆኑ ነው። ሁሉንም መግዛት የለባችሁም። ጥቂት ገዝታችሁ አባዙ፦ ትራዴስካንሺያ በቁራጭ ግንድ፣ ስፓይደር ፕላንት በሚያንጠለጥላቸው ልጆቹ፣ ሞንዶ ሣር ከነሥሩ ነቅሎ በመክፈል ይባዛል።

የምትተክሉት ዝናብ ሲጀምር ይሁን። አረሙን ከነሥሩ ንቀሉ፤ የተረፈ ሥር በችግኙ መሃል ሲወጣ ማውጣቱ ከባድ ነው። ከዛፍ ሥር ትንንሽ ችግኝ በሥሮቹ መሃል አስገቡ፤ ኮምፖስቱን በየጉድጓዱ ብቻ ጨምሩ። ክፍት ቦታውን በደረቅ ቅጠል ስስ አድርጋችሁ ጎዝጉዙ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት አረም ማረም በየሳምንቱ ነው። ተክሉ መሬቱን ሲሸፍን ሥራው ይቀንሳል። የሚረግፈው የዛፍ ቅጠል ትንንሽ ከሆነ ይቆይ፤ ሰፋፊ ከሆነ ግን ተክሉን ስለሚያፍነው አንሱት። ትራዴስካንሺያ ሲቆይ ግንዱ ይራቆታል። ያን ጊዜ አጠር አድርጋችሁ ቁረጡትና ቁራጩን ባዶ ወደቀረው ቦታ ሰኩት።