የቀበቶ ዘለበት ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደህና ቆዳ ቀበቶ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቀድሞ የሚሄደው ዘለበቱ ነው። ቅቡ ይላጣል፣ ምላሱ (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ሹል) ይጣመማል፣ ወይም ይዝጋል። ብዙ ሰው ታዲያ ቀበቶውን እንዳለ ይጥለዋል። ያሳዝናል። ዘለበት መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። የሚበላሸው ሳይለኩ ስለሚጀምሩት ነው። ቆዳ ደግሞ አንዴ ከተበሳ ወይም ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።

አያያዙን ሳያዩ ዘለበት መግዛት

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ቀበቶውን ገልብጠው ዘለበቱ አጠገብ ይመልከቱ። ቆዳው የዘለበቱ ዘንግ ላይ ታጥፎ በክር ተሰፍቷል? ጠቅ በሚል ቁልፍ ተይዟል? ወይስ በብሎን? አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አይታጠፍም፤ ዘለበቱ እንደ መንጋጋ የቆዳውን ጫፍ ነክሶ ይይዘዋል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ከሆነ የሚታጠፍ ዘለበት አይግዙ። መታጠፊያው ብቻ 6 ሴንቲ ገደማ ቆዳ ይበላል፤ ቀበቶው ያጥርብዎታል።

ስፋቱን በዓይን መገመት

ለሱፍ ሱሪ የሚሆን ቀበቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ይሰፋል። የጂንስ ከ3.8 እስከ 4 ሴንቲ ይደርሳል። በ3.5 እና በ3.8 መካከል ያለው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ዓይን አይለየውም። የሚለካው ደግሞ የዘለበቱ ውጫዊ ስፋት አይደለም፤ ቆዳው የሚያልፍበት የውስጡ ክፍተት ነው። ቆዳው ከሰፋ ጠርዙ ይጨማደዳል። ከጠበበ ዘለበቱ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ ምላሱም ቀዳዳውን ወደ አንድ ጎን እየጎተተ ያሰፋዋል። መርካቶም ሄዱ የሰፈር ሱቅ፣ ቀበቶውን ይዘው ይሂዱ።

በጫፉ በኩል መቁረጥ

አባቴ የሰጠኝን ወፍራም ቡናማ ቀበቶ ያበላሸሁት እንዲህ ነው። ሰፋኝ፤ ጫፉም እየረዘመ ወደ ጀርባዬ ይዞር ነበር። መቀስ አነሳሁና የተሞረደውን ጫፍ ቆረጥኩት። ወገቤ ላይ ግን ምንም አልጠበበም፤ ቀዳዳዎቹ የነበሩበት ናቸዋ። ቀርቶልኝ የነበረው ያ ያማረ ጫፍ ብቻ ነው፣ እሱም ሄደ።

የሚቆረጠው በዘለበቱ በኩል ነው። ዘለበቱን ይፍቱ፣ ከዚያ ጎን ይቁረጡ፣ መልሰው ይግጠሙ። ልኩ እንዲህ ይገኛል፦ አብዛኛው ቀበቶ በ2.5 ሴንቲ ልዩነት 5 ቀዳዳ አለው፤ ምቹው መካከለኛው ላይ መታሰር ነው። ቀበቶውን ታጥቀው በሚመችዎ ልክ ይሳቡትና ምላሱ ያረፈበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከመካከለኛው ቀዳዳ እስከ ምልክቱ 7.5 ሴንቲ ከሆነ የሚቆረጠው 7.5 ሴንቲ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ሴንቲ አስቀርቼ ቆርጬ፣ ለክቼ፣ ከዚያ ነው የምጨርሰው። በተለይ ከምግብ በፊት ከለኩ።

የሚታጠፍ ከሆነ የምላሱ ማውጫ ቀዳዳም አብሮ እንደሚቆረጥ አይርሱ። አዲሱ መታጠፊያ ላይ እንደገና መከፈት አለበት።

በምስማር መብሳት

ምስማር ቆዳውን ገፍቶ ይቀደዋል እንጂ አያወጣውም። ቀዳዳው እየዋለ ሲያድር ይሰነጠቃል። የቆዳ መብሻ ግን ክብ ቆርጦ ያወጣል። መብሻ ከሌለዎት ለጫማ ሰፊ ይስጡት፤ የአፍታ ሥራ ነው። ለምላሱ ማውጫ ደግሞ በቀጥታ በምላጭ አይሰንጥቁ። 2 ሴንቲ ያህል አራርቀው ሁለት ክብ ቀዳዳ ይብሱ፣ ከዚያ መካከላቸውን በምላጭ ያገናኙ። ክቡ ጫፍ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ያቆመዋል።

ከድሮው ስፌት አጠገብ አዲስ መስፋት

ሰፈራችን በረንዳ ሥር የሚቀመጡ አንድ ጫማ ሰፊ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የድሮውን ክር ከውስጥ በኩል በምላጭ ጫፍ በጠሱ። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ለቀሙ። ከዚያ በሰም የታሸ ክር ይዘው መርፌውን በዚያው በድሮው ቀዳዳ አሳለፉ፣ አንዱንም ሳይዘሉ። አዲስ ረድፍ ከጎኑ ቢበሱ ኖሮ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ሆኖ አንድ ቀን ይገነጠል ነበር።

ከመስፋትዎ ወይም ቁልፉን ከመግጠምዎ በፊት ግን ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ ምላሱ በቆዳው ፊት በኩል ወጥቷል? ጫፉን የምትይዘው ትንሿ የቆዳ ቀለበትስ ገብታለች? እሷ ከተረሳች የሰፉትን ሁሉ መልሰው መፍታት ይኖርብዎታል።

ብሎኑን አጥብቆ መርሳት

ቀበቶ በተቀመጡና በተነሱ ቁጥር ይተጣጠፋል፤ ብሎኑም ቀስ በቀስ ይላላል። ጥርሱ ላይ አንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርገው በካቻቢቴ ያጥብቁት፣ ይደርቅ። በኋላ መፍታት ሲፈልጉ አያስቸግርም። ሱፐር ግሉ ግን አይጠቀሙ፤ ቆዳውን አድርቆ ይሰነጥቀዋል።

እምብርትዎ ሥር የሚያሳክክና የሚቀላ ነገር ካለ ዘለበቱን ይጠርጥሩ። ርካሽ ዘለበት ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት፤ ቆዳቸው የማይስማማው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ለእነሱ ከኒኬል ነጻ የሆነ፣ ለምሳሌ ያልተቀባ ንጹሕ ናስ ይሻላል።