የዛገ አይሱዙ በግቢ ሲጠገን፦ ሰውነት ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በንጹሕ መኪና ላይ ግማሽ ቀን የሚፈጀው የባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ቅየራ በዛገ አይሱዙ ላይ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ያንን ትርፍ ሥራ የሚሸከሙት ክርን፣ ወገብና ዓይን ናቸው። ብዙ ሰው ማታ ማስታገሻ ውጦ ጠዋት ወደዚያው ሥራ ይመለሳል። ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ መሣሪያን ወይም የተዛባ አሠራርን ነው የሚጠቁመው፤ ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ጀበና ስታነሱ የክርን ውጫዊ ጎን ይወጋል

ምክንያቱ አልፈታ ያለ ብሎን ነው። ቁልፍ አጥብቆ ሲያዝ የሚወጠረው ጅማት የሚያያዘው ክርን ላይ ነው፤ ደጋግሞ መንጨቅ እዚያ ይጎዳዋል። ቁልፉ ድንገት ሲያመልጥ ደግሞ ጣት ከሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ጋር ይላተማል።

መፍትሄው ከዋዜማው ይጀምራል። የብሎኑን ጥርስ በብረት ብሩሽ አጽዱ። ዝገት አላቃቂ ዘይት ከሌለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅሉ፤ አሴቶን አንዳንድ ፕላስቲክ ስለሚበላ በጠርሙስ ይሁን። ማታ አንዴ፣ ጠዋት አንዴ አጠጡት፤ በየመሀሉ የብሎኑን ራስ በመዶሻ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ፤ ንዝረቱ ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል። ባለ 12 ማዕዘን ቁልፍ የዛገ ዳዶ (ብሎኑን የሚያጠብቀው ባለ ቀዳዳ ብረት) ጫፍ ስለሚበላ ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ (ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ) ምረጡ። መጀመሪያ በትንሹ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው አመላልሱት። እጀታው ላይ ቱቦ ከተጨመረ ወደ ራሳችሁ ሳቡ እንጂ አትግፉ። መግፋት ግድ ከሆነ በተዘረጋ መዳፍ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተንቀሳቀሰ ዳዶውን በግራይንደር ቁረጡት። አዲስ ብሎንና ዳዶ ከሳምንት የክርን ሕመም ይረክሳል። ከነዳጅ ታንከርና ከፍሬን ጎማ ቱቦ አጠገብ ግን ብልጭታም እሳትም አይገባም፤ አሴቶኑም መጠረግ አለበት።

ሌሊት ሁለቱም ዓይኖች አሸዋ እንደገባባቸው ይቆረቁራሉ

ቀን ብየዳ ከነበረ ምክንያቱ የብየዳው ጨረር ነው። የዓይንን ፊት ያቃጥላል፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚነሳው። ላሜራ (የሚበየደውን ስስ ብረት) ይዞ የቆመው ረዳትም እኩል ይቃጠላል፤ የፀሐይ መነጽር አያድንም። ጨለማ ቤት፣ ቀዝቃዛ ንጹሕ ጨርቅና ፓራሲታሞል ይበቃል፤ በ1 ወይም 2 ቀን ይሻላል። ወተትም ሆነ ድንች ዓይን ውስጥ አታድርጉ፣ ቁስሉን ሊመርዝ ይችላል። ማደንዘዣ ጠብታም ቤት ወስዶ መደጋገም ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። ለተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ ቁጥር 10 ወይም 11 ጥቁር መስታወት ያስፈልጋል፤ ለረዳቱም እንዲሁ።

የሚቆረቁረው አንድ ዓይን ብቻ ከሆነና ግራይንደር ስትጠቀሙ ከጀመረ፣ የብረት ብናኝ ተሰክቷል ማለት ነው። በውኃ ታጥቦ ካልወጣ በክብሪት እንጨት ወይም በነጠላ ጫፍ አትነካኩት። ብረቱ በሰዓታት ውስጥ ዙሪያውን ማዛግ ስለሚጀምር በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ከሁሉ የሚከፋው መዶሻ ብረት ሲመታ የሚፈናጠረው ስብርባሪ ነው፤ ሕመሙ ትንሽ ሆኖ ዓይን ውስጥ ጠልቆ ሊገባ ይችላል። እይታ ከደበዘዘ ዓይኑን አትጫኑ፣ አትጠቡ፤ በንጹሕ የወረቀት ኩባያ ከልላችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ፤ ብረት እንደሆነም ንገሩ። ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራ ምርመራ) መነሳት የለበትም።

ማታ ብርድ ብርድ ይላል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል

ምች ወይም ወባ ይመስላል። የጋቢናው ወለል በጣሪያ ቆርቆሮ ተለጥፎ ከተበየደ ግን መጠርጠር ያለበት ዚንክ ነው። ቆርቆሮው የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ያ ጭስ ከተሳበ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳት፣ ሳልና የሰውነት መቆራረጥ ያመጣል። ብዙ ጊዜ በ1 ወይም 2 ቀን ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም አካባቢው ወባማ ከሆነ ሐኪም ይየው፣ ደምም ይመርመር። ለቀጣዩ ጊዜ ያልተለበጠ ጥቁር ላሜራ ተጠቀሙ። ቆርቆሮ ግድ ከሆነ ከሚበየደው መስመር በሁለቱም ጎን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ዚንኩን ፍቃችሁ ደጅ ላይ፣ ነፋስ ከጎን እየመጣ በይዱ። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበን ብረት ፈጽሞ አትበይዱ፤ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣል።

እጅ ይደነዝዛል፣ ቆዳ ይሰነጠቃል

ድንዛዜው ከግራይንደር ንዝረት ነው፤ የተሸረፈ ዲስክ ቀይሩ፣ በየ15 ደቂቃው እረፉ። ስንጥቁ እጅን በቤንዚን ከመታጠብ ነው፤ ከሥራ በፊት ቫዝሊን ተቀቡ፣ ከሥራ በኋላ በምግብ ዘይትና በሳሙና ታጠቡ።

የዛገ ላሜራ ወግቶናል

መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ዝገቱ ሳይሆን በአፈርና በእበት ውስጥ ያለ ተህዋስ ነው፤ ላምና ዶሮ የሚውሉበት ግቢ ደግሞ በዚህ ተህዋስ የተሞላ ነው። ጠባብና ጥልቅ ቁስል ይበልጥ ያሰጋል። በሚወርድ ውኃና በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡ። ለቆሸሸ ቁስል የመጨረሻው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት 5 ዓመት ካለፈው ወይም መከተባችሁን ካላስታወሳችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወገብና ጉልበት

ጎማ ጎንበስ ብሎ አይነሳም፤ ከሥሩ ረጅም ብረት አስገብታችሁ እንደ ማንሻ ተጠቀሙ። ከጉልበት በታች ወፍራም ስፖንጅ አንጥፉ። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ብሎኬትም ድንገት ይፈረካከሳል፤ ሻንሲው በብረት ካቫሌቶ (የመኪና መደገፊያ እግር) ላይ ሳይቀመጥ ማንም ከሥር አይግባ።

ምንም ምልክት ሳይኖር

የአሮጌ መኪና የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ (ሲፋተግ የሚያልቀው ልባጥ) አስቤስቶስ የተባለ ጎጂ ማዕድን ሊኖረው ይችላል፤ የሳንባ ጉዳቱ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። የፍሬኑ ታምቡር (ሸራውን የሚሸፍነው ክብ ብረት) ውስጥ ያለውን ብናኝ በኮምፕሬሰር ወይም በአፍ አትንፉ። ሳሙና ባለው ውኃ አርሱት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን እርጥብ እንዳለ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉ። ቱታውንም ለብቻው እጠቡ፣ ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉት።