የአድዋን ዜና በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ጋዜጦች ውስጥ እንዴት እንፈልግ?

የአድዋ ድል ወሬ የትልልቅ ከተሞች ዕለታዊ ጋዜጦች ላይ ብቻ አልቀረም። በየትንሹ ከተማ የሚታተሙ የአሜሪካ ሳምንታዊ ጋዜጦችም ለገበሬው አድርሰውታል። ዛሬ ብዙዎቹን ከቤት ሳንወጣ ማንበብ እንችላለን።

መጀመሪያ የላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስን (የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍትን) «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» (Chronicling America) የተባለ የጋዜጦች ክምችት በኢንተርኔት ክፈቱ። ምዝገባም ክፍያም የለውም። ክፍያ የሚጠይቁ ድረ ገጾችም አሉ፤ ይህን ሳትጨርሱ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

ቀጥሎ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ፍለጋውን በዚያ ሳምንት አትገድቡት፤ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ አስፉት።

አስቸጋሪው ቃል ፍለጋው ነው። ገጾቹ በአብዛኛው ከማይክሮፊልም፣ ማለትም የጋዜጣው ገጽ በትንሹ ከተነሳበት ፊልም የተቀዱ ናቸው። ጽሑፉን ያነበበው ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ቀለሙ በደበዘዘበት ቦታ ፊደል ይሳሳታል። በዚያ ላይ የዘመኑ ጋዜጦች አገራችንን በብዛት አቢሲኒያ (Abyssinia) ነው የሚሏት። አድዋን አንዱ «አዶዋ» (Adowa)፣ ሌላው «አዱዋ» (Adua) ብሎ ይጽፋል። የምኒልክም ስም እንዲሁ ይለያያል። ሁሉንም ሞክሩ። «ምንም አልተገኘም» ቢላችሁ አትመኑት። ግዛቱንና ጋዜጣውን መርጣችሁ እትሙን ራሱ ክፈቱ። ብዙዎቹ አራት ወይም ስምንት ገጽ ናቸው፤ ዓይናችሁ ከማሽኑ የተሻለ ያያል።

ዜናውን ስታገኙ ግን ቶሎ አትደምድሙ። ብዙ ትንንሽ ጋዜጦች የውጭ ዜናውን ራሳቸው አላዘጋጁትም። አንሰል ኬሎግ የተባለ የዊስኮንሲን ጋዜጠኛ በ1865 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ድርጅት አቋቁሞ፣ በአንድ በኩል የታተመ፣ በሌላ በኩል ባዶ የሆነ ወረቀት ለየከተማው መላክ ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት። የከተማው አዘጋጅ ባዶውን ገጽ በሰርጉ፣ በሐዘኑ፣ በእህል ዋጋው ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አሥር ከተማ ውስጥ ብታገኙ፣ ምንጩ አንድ ሊሆን ይችላል። እንደ አሥር ምስክር አትቁጠሩት። እኔ ከሁሉ የምወደው አዘጋጁ በራሱ ገጽ ላይ ጣል የሚያደርጋትን አጭር አስተያየት ነው። ያ ከተማ ስለ እኛ ምን እንዳሰበ ፍንጭ የምናገኘው እዚያ ነው። የአካባቢውን ገጽ ሳታነቡ አትዝጉ።

ያገኛችሁትን በስክሪንሾት ብቻ አታስቀምጡ። ሙሉ ገጹን አውርዱና የጋዜጣውን ስም፣ ከተማውን፣ ቀኑንና የገጹን ቁጥር በፋይሉ ስም ላይ ጻፉ። ቀን የሌለው ቁራጭ ለማስረጃ አይሆንም።

የምትፈልጉት ጋዜጣ ዲጂታል ካልሆነ የላይብረሪውን የጋዜጦች ማውጫ ተመልከቱ። ወረቀቱ ወይም ማይክሮፊልሙ የትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ ይጠቁማል። የየግዛቱን የታሪክ ማኅበርም ጠይቁ። የካንሳሱን በ1875 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የጋዜጣ ሰዎች ስለሆኑ ክምችቱ ትልቅ ነው። ኢሜይል ስትጽፉ «ስለ አድዋ ያላችሁን ላኩልኝ» አትበሉ፤ የጋዜጣውን ስምና የምትፈልጓቸውን ሳምንታት ለይታችሁ ጥቀሱ።