የሰርቬይ ነጥቦችን ወደ ሬቪት ከማስገባታችሁ በፊት

የቶታል ስቴሽን (የሰርቬየር መለኪያ መሣሪያ) ፋይል ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ተራ ነው፦ የነጥብ ቁጥር፣ ኖርዚንግ (ወደ ሰሜን ያለው ርቀት)፣ ኢስቲንግ (ወደ ምሥራቅ ያለው ርቀት)፣ ከፍታ፣ መግለጫ። የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌሩ ሬቪት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ ብሎ ያነባል። እንዳለ ካስገባችሁት ኢስቲንጉ ከፍታ ይሆንና መሬቱ ከእይታ ይጠፋል። ስለዚህ በኤክሴል የነጥብ ቁጥሩን አጥፉ፣ ኢስቲንግን ከኖርዚንግ አስቀድሙ።

መግለጫውን ግን ቶሎ አትሰርዙ። መጀመሪያ በእሱ አጣርታችሁ የአጥር አናት፣ የምሰሶ ጫፍና የማንሆል ወለል ነጥቦችን አውጡ፤ ከቀሩ መሬቱ ላይ እሾህና ጉድጓድ ይሠራሉ።

ዋናው ጣጣ የቁጥሩ ትልቅነት ነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ነጥብ ለምሳሌ 473215.48፣ 996840.12፣ 2356.74 ሊሆን ይችላል። ሬቪት ከውስጣዊ መነሻው (ከራሱ ዜሮ ነጥብ) ከ16 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የራቀ ነገር በትክክል አይስልም፤ መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ስናፕ (ጠቋሚው ነጥብ ላይ መያዙ) ይስታል። ከኢስቲንጉ 473000፣ ከኖርዚንጉ 996000፣ ከከፍታው 2300 ቀንሱና በሲኤስቪ (በኮማ የተለየ የጽሑፍ ፋይል) አስቀምጡ። ስታስገቡ አሃዱን ሜትር በሉ፤ ሚሊሜትር ከሆነ ግቢው በሙሉ መዳፍ ያክላል። ከዚያ በማኔጅ ትር «ስፔሲፋይ ኮኦርዲኔትስ አት ፖይንት» የሚለውን ከፍታችሁ በውስጣዊ መነሻው ላይ የቀነሳችኋቸውን ሦስት ቁጥሮች መልሱ።

ሰርቬየሩን ዳተሙ (ልኬቱ የተመሠረተበት የመሬት ማጣቀሻ) አዲንዳን ነው ወይስ ደብሊውጂኤስ 84 ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ እዚህ አገር ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ የይዞታ ካርታውና ልኬቱ የማይገጥሙት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።